ፋይን

እንግሊዝኛ በጀመርንበት ዓመት፣ ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና ያለው ቤታችን ማታ ማታ በወንድ አያቴ፣ በአባባ፣ ተረት ይሞላ ነበር። ያኔ መብራት አንዴ ከጠፋ ቶሎ አይመለስምና ከኩራዝና ከምድጃው ፍም በቀር ብርሃን አልነበረንም። አባባ ጭሱን በእጃቸው ገፋ እያደረጉ፣ ሳታውቅ ጅብ ስላገባች ልጅ የሚያወሩትን ረጅም ተረት ለሦስት ማታ ከፋፈሉት። በሁለተኛው ማታ ልጅቷን የጅቡ ደጃፍ ላይ አቁመዋት ተኙ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት «ፋይን» የምትባለውን ቅጽል ተማርን። መዝገበ ቃላት ቀጭን፣ ጥሩ፣ የጠራ፣ ደህና እያለ ብዙ ትርጉም ይደረድርላታል፤ መምህራችን ግን የመጨረሻውን ብቻ ሰጡን። «እንዴት ነህ ስትባል፣ ፋይን።»

«ቲቸር፣ ቢያመኝስ?» አለ አንዱ።

«ቢያምህም ፋይን! የጠየቀህ እኮ ሐኪም አይደለም።»

ሳቅን። ትምህርቱ አልከበደንም፤ በእኛም ሰፈር ለጠየቀ ሁሉ ሰው ሁልጊዜ ደህና ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ገበያ ሳለች ቤት የተወችው ስልክ ጮኸ። የደወሉት ሞጣ የሚኖሩት የአባባ እህት፣ እማማ ጥሩዬ ነበሩ። «አንቺ ነሽ? ወንድሜን ዛሬውኑ ላኪልኝ፤ አልተሻለኝም» አሉ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ። የሞጣው የመጨረሻ ሚኒባስ ገና አልወጣም ነበር።

«ማን ነው?» አሉ አባባ ከደጅ።

«እማማ ጥሩዬ ናቸው።»

«እንዴት ናት?»

ከሄዱ ተረቱ ሳይጨረስ ሊቀር ነው። «ደህና ናቸው» አልኩ።

«ተመስገን!» ብለው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ማታ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እየተረኩ፣ ልጅቷን ከጅቡ ቤት አወጡልኝ።

መርዶው ጎህ ሲቀድ ደረሰ።

ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ምድጃው ዳር ብቻችንን ስንሆን፣ «በስልኩ ምን ነበር ያለችሽ?» አሉኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አድርገው፣ «ድምጿስ እንዴት ነበር?» አሉ።

«ይቆራረጥ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ተረት አልነገሩንም፤ ለምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የቤቱ ሰው አያውቅም።

አሁን ልጅቷ ከጅቡ ቤት እንዴት እንዳመለጠች ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የዋሸሁለትን መጨረሻ ረስቼዋለሁ። «ወንድሜን» እና «ዛሬውኑ» በሚሉት ቃላት መሃል የነበረውን ትንፋሽ ግን አልረሳሁትም፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሰማኛል።