የኦቦ ደቻሳ የጣልያንኛ ምርቃት

ጎረቤቴ ኦቦ ደቻሳ ጣልያንኛ መማር የጀመሩት በስልሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። ከጊንጪ ወደ አምቦ እህል ሲያመላልሱ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት በግቢያቸው እየተንጎራደዱ ለብቻቸው ሲናገሩ በአጥር በኩል እሰማ ነበር። ቋንቋው አማርኛም ኦሮምኛም አለመሆኑን ባረጋገጥኩ ጊዜ ውጭ አገር እልክዎታለሁ የሚል ደላላ ይዟቸው እንዳይሆን ጠረጠርኩና ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ዘገየ፣ ሃቦኔ ልታገባ ነው» አሉኝ። ሃቦኔ ለትምህርት ቶሪኖ ሄዳ እዚያው ሥራ የያዘች አንዲት ልጃቸው ናት። ሙሽራው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሠርጉም እዚያው ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል።

«ታዲያ እርስዎ ቋንቋው ምን ያደርግልዎታል? ልጅቷ ታስተረጉምልዎት የለም?»

«ሙሽራ በገዛ ሠርጓ የአባቷን ምርቃት ታስተርጉም? የልጁ ወላጆች ከእኔ አፍ ሊሰሙት ይገባል። አለዚያ ኮት ለብሶ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሽማግሌ ነው የምመስላቸው።»

አስተማሪያቸው ሰሎሜ ነበረች። ሮም ውስጥ አረጋውያን ስትጦር ስምንት ዓመት ኖራ ተመልሳ፣ መናኸሪያው አጠገብ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ከፍታለች። ስምንት ዓመት መኖሯን ከአፏ ሰማሁ እንጂ በወረቀት አላየሁም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሱቋ ገብቼ ትምህርቱን ራሴ አዳመጥኩ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ በቅድሚያ ውሃ መጠየቅ ይልመዱ» አለቻቸው።

«ሳልጠጣ መዋል እችላለሁ።»

«መጸዳጃ ቤትስ?»

«ካልጠጣሁ እሱም አያስፈልግም። ይልቅ ‹ቤታችሁ ይሙላ› የሚለውን አስጠኚኝ።»

ምርቃቱ በጠቅላላው አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። እርሳቸው በግቢው ሲለማመዱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቂቱ ምስር እየለቀሙ «አባ ሃቦኔ፣ አሁንስ ዶሮዎቹም ጣልያንኛ ሊጀምሩ ነው!» ይሏቸዋል። ቢሆንም አንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥር «አሜን» ማለታቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ወርቂቱ ጉልበታቸው ስለማያራምዳቸው ኦቦ ደቻሳ ብቻቸውን ሄዱ።

በሠርጉ ዕለት የሆነውን ከሰው አልሰማሁትም፤ በስልክ የተቀረጸውን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ንግግሩንም ሰሎሜ ተርጉማልኛለች።

ኦቦ ደቻሳ ተነሡ። መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ዲዮ ቪ ቤነዲካ» አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ማለት ነው። ከዚያም ጠበቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛ ዘንድ ተመራቂው አሜን ሳይል መራቂው ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ አሜን ያልተባለለት ምርቃት እንዳልተቀበሉት ይቆጠራል። እንግዶቹ ግን ሽማግሌ ሲናገር አፍን ዘግቶ መስማትን ነው አክብሮት ያሉት። ኦቦ ደቻሳ ያልሰሟቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። በዚህ ጊዜ እንግዶቹ እርሳቸው ያበቁ መስሏቸው አጨበጨቡ።

አሥር ዓረፍተ ነገር ቀርቷል። ኦቦ ደቻሳ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል፤ ግንባራቸውን አልቧቸዋል። «አሜን በሉ» ብሎ ማዘዝን እርሳቸውም አልተማሩም፣ ሰሎሜም አላስተማረችም፤ አምቦ ውስጥ ይህን መታዘዝ የሚያስፈልገው ሰው ኖሮ አያውቅምና። የሙሽራው አባት ብርጭቆውን አንሥቶ የራሱን ንግግር ሊጀምር ሲል ሃቦኔ ቬሏን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች።

«አባቴ ገና አልጨረሰም! ዝም ባለ ቁጥር አሜን በሉ!»

ቀድማ «አሜን» ብላ የጮኸችው የሙሽራው እናት ናት። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጠረጴዛ እየደበደበ አሜን የሚልም ተገኘ። አሥራ አንዱም አለቀ። ኦቦ ደቻሳ ግን አዳራሹ እንደዚያ ሞቆ ሳለ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ኦሮምኛውን ጀመሩ፣ አማርኛውን ጨመሩ። ላሞቻችሁ ይርቡ፣ ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ፣ ጥጆቻችሁን ጅብ አይንካ ሲሉ መቶ ያህል የቶሪኖ ሰው በአንድ ድምፅ አሜን ይላል።

ከተመለሱ በኋላ «ሙሽራው እኮ አንድም ላም የለውም» አልኳቸው።

«ይኖረዋል» አሉኝ።