ቁልቁለቱ ላይ የጠፉት አሥራ አንድ ደቂቃዎች

ናዝራዊት ወልደጻድቅ ወገኔ ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን በሚገኘው የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገኛ ሱቋ ውስጥ ሦስት ሞደሞችን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ቆማ ነበር። ወንበር አጠገቧ ነበረ፤ ግን አልተቀመጠችም። ያልተፈታ ነገር ከፊቷ ሲኖር መቀመጫ ይቆረቁራታል፤ አንዱን ዕቃ ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፣ እስከ በሩ ሄዳ ትመለሳለች።

ሥራውን የሰጣት ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በአንኮበር በኩል አልዩ አምባ ድረስ ሰው የሚያመላልሱ ሃያ አራት ሚኒባሶች ያሉት ማኅበር ነው። ባለፈው ክረምት ከማኅበሩ መኪኖች አንዱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ገደሉ አፋፍ ላይ በጎኑ ተኛ። የሞተ ባይኖርም አራት ሰዎች ተጎዱ። ሾፌሩ «በዝግታ ነበር የምወርደው» አለ፤ ተሳፋሪዎቹ «ይበር ነበር» አሉ፤ የሚዳኝ ማስረጃ ግን አልተገኘም። በዚህም ምክንያት ማኅበሩ እያንዳንዱ መኪና ፍጥነቱንና የሞተሩን ሙቀት በየሠላሳ ሴኮንዱ ክላውድ ወደሚባለው የሩቅ መዝገብ እንዲልክ ወሰነ። መልእክተኛው ሞደም ነው፤ ይኸውም ሲም ካርድ ጎርሶ እንደ ስልክ በኔትወርክ የሚነጋገር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ዕቃ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኪዳነ ማርያም አደራውን የሰጧት በአጭር ቃል ነበር።

«ናዝራዊት ልጄ፣ እሑድ መጋቢት 7 በጉባኤው ፊት አንዱን መርጠሽ ትነግሪናለሽ። ርካሽ ይሁን፤ ግን ርካሽ ነው ብለን ቁልቁለቱ ላይ ዲዳ እንዳይሆንብን።»

«ውዱን ብትገዙስ፣ አቶ ኪዳነ ማርያም?»

«ውዱን ከገዛን አሥሩ መኪና ያወራል፤ አሥራ አራቱ ያደምጣል!»

ከሦስቱ ሞደሞች እጅግ ርካሹ የሚያውቀው ፎርጂውን ኔትወርክ ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ አፈ ቀላጤ ሆኖ ዋለ፤ ከተማውን ለቆ ወደ አንኮበር ሲያቀና ግን ቃል አልወጣውም። ናዝራዊት በሁለተኛው ቀን ወደ ጎን አደረገችው። ሦስተኛው፣ ባለ ብረት ሽፋኑ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ለአሥር መኪና ብቻ የሚበቃለት ውዱ ነው። ልቧ ያረፈው በመካከለኛው ላይ ነበር፤ ፎርጂ ባለበት በፎርጂ ይልካል፣ በሌለበት ወደ አሮጌው ቱጂ ዝቅ ብሎ ጥቂት ጥቂት ያቀብላል። የፍጥነትና የሙቀት ቁጥር ደግሞ ከጥቂት በላይ አይጠይቅም። ዋጋው የውዱን ሲሶ አይሞላም።

መካከለኛውን በታላቅ ወንድሟ በአለምነህ ሚኒባስ ላይ ገጠመችው። አለምነህ በዚያ መንገድ ላይ አሥራ አምስት ዓመት የነዳ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ያለ ሥጋት የሚያሳፍሩበት ሾፌር ነው። ናዝራዊትን በሞግዚትነት ያሳደጋትም፣ ሙያ ትምህርት ቤት ያስገባትም እርሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መኪናው ሲወርድ ስልኳን ይዛ ሱቋ ውስጥ ስትንጎራደድ ዋለች። በስልኳ ገጽ ላይ የመኪናው ጉዞ እንደ ቀይ ክር ይዘረጋል። ክሩ አንኮበር ደረሰ፤ ጎረቤላን አለፈ፤ ከጎረቤላ በታች፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ስፍራ፣ ተቆረጠ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ አልዩ አምባ አጠገብ ተቀጠለ። ባለፈው ክረምት የማኅበሩ መኪና በጎኑ የተኛውም በእነዚያ አሥራ አንድ ደቂቃዎች መንገድ ላይ ነበር። መላው ሥራ የተጀመረው ለእነርሱ ሲባል ነው፤ የጠፉትም እነርሱው ናቸው።

በማግስቱ አብራ ወረደች። ክሩ አልተቆረጠም። ደስ ብሏት ተመለሰች፤ በሦስተኛው ቀን ሱቋ ቀረችና እንደገና ተቆረጠ። ሲም ካርዱን ቀየረች። አንቴናውን ከመሪው ሥር አውጥታ መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው። የበልግ ጉም ቁልቁለቱን ስለሚሸፍነው ጉሙን ከሰሰች፤ ጉም በሌለበት ብራ ቀንም ተቆረጠ። ሦስት ጊዜ አብራ ወረደች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሙሉ ሆነ። በመጨረሻ ውዱን ሞደም ከመካከለኛው ጎን አሠረችው፤ እርሷ በሌለችበት ጉዞ ሁለቱም እኩል ዝም አሉ።

«ውዱም ተኛ?» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም በስልክ። «እንግዲህ ልጄ፣ ምክንያቱን ካላገኘሽ ጉባኤው ነገሩን ይተወዋል። ክረምት ሳይመጣ ሌላ ዘዴ እናስባለን።»

ሌላ ዘዴ እንደሌለ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ናዝራዊት ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ቆማ ትበላ ጀመር። ከሱቋ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሱቋ ትመላለሳለች፤ ደንበኛ ሲያናግራት ዐይኗ ስልኳ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መናኸሪያው ውስጥ እትዬ እናናየሁ የነጭ ሽንኩርት ጆንያቸውን ሲያስጭኑ አገኘቻቸው። ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርዱት ዘወትር በአለምነህ መኪና ነው።

«አንቺ፣ ዛሬም አብረሽን ልትወርጂ ነው?» አሏት።

«ዛሬስ አልወርድም፣ እትዬ።»

«ተመስገን!»

«ምነው፣ ምን በደልኩዎት?»

«አንቺ ስትኖሪ መኪናው እስከ ታች እንደ በሬ ያጓራል። ሳትኖሪ ከጎረቤላ በታች ጸጥ ይላል፤ እኔም ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ እጨርሳለሁ።»

«እንዴት ያለ ጸጥታ?»

«ጸጥታ ነዋ! ሬዲዮው ብቻ ያወራል። እሱንም ‹አለምነህ፣ በጾም ቀንስልኝ› እለዋለሁ፤ መች ይሰማኛል!»

ናዝራዊት እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ ሳታውቀው ኪሷ ከተተችው። ሬዲዮ እያወራ ሞተር ጸጥ የሚለው ቁልፉ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። እርሷ ደግሞ ሞደሞቹን ያሠረችው፣ በሙያው እንደተለመደው፣ ቁልፉ ሲመለስ ኃይል በሚቋረጥበት ገመድ ላይ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ሞደሙም አብሮ ይጠፋል። አንድ ወር ሙሉ ሰማዩን፣ ጉሙንና ሲም ካርዱን ስትመረምር መሪ የያዘውን ሰው አልመረመረችም። ወንድምን መውደድ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚወዱትን ሰው ከምርመራ ማውጣት ለተመርማሪው እንኳ አይበጀውም።

አለምነህ ከሰዓት በኋላ እስኪመለስ ድረስ መናኸሪያውን ስንት ጊዜ እንደዞረችው አልቆጠረችም። መኪናው እንደቆመ በሩን ይዛ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተህ ነው የምትወርደው?»

ሳቀ። «ማን ነገረሽ? ሞደምሽ?»

«እትዬ እናናየሁ።»

«እኚህ ሴትዮ ከሞደም ይበልጣሉ!» አለና ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ናዙ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ሌሊት ተሰልፈን እንደምናድር ታውቂያለሽ። ቁልቁለት እግዜር በነጻ የሰጠን ነዳጅ ነው። አባባም አይሱዙውን እንዲሁ ነበር የሚያወርደው።»

«እኔ ስኖር ለምን አታጠፋም?»

የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር።

«ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ ስንት ጊዜ ይታዘዝሃል?»

«ሁለት ጊዜ። ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። እኔ ግን ከሁለት በላይ አልረግጥም።»

«ባለፈው ክረምት በጎኑ የተኛውም እንዲህ ይል ነበር?»

አለምነህ ወደ መኪናው ጎማ ተመለከተ። «ጉባኤው ላይ ኔትወርክ ነው በይ። ኔትወርክ ቢወቀስ ማን ይከፋዋል? ሁሉም ያምንሻል። ስሜን ከጠራሽ ግን መሪ ያስለቅቁኛል፤ አራት ልጆች አሉኝ።»

«ያሳደግኸኝ አንተ ነህ፣ ጋሼ።»

«እሱን ካልረሳሽ በቂ ነው» አለና ሄደ።

በማግስቱ ናዝራዊት የመካከለኛውን ሞደም ገመድ በፊውዝ አድርጋ በቀጥታ ከባትሪው አገናኘችው፤ ሌላ ቀጭን ሽቦ ጨምራም ቁልፉ መመለስ አለመመለሱን እንዲያነብ አደረገችው። ባዶውን መኪና ከጎረቤላ በታች አቁማ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደግፋ፣ ሞተሩን አጠፋች። ስልኳ ላይ ቁጥሩ በየሠላሳ ሴኮንዱ መምጣቱን ቀጠለ። አለምነህ ከጎኗ ቆሞ አየ። እርሷም ደስ አላላትም። የመሣሪያው ነገር አልቆ የሰው ነገር ቀርቶ ነበር። ቅዳሜን ሱቋን ዘግታ ዋለች፤ ጠረገች፣ ያጸዳችውን መልሳ ጠረገች።

እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ መካከለኛውን ሞደም እንደመረጠች ተናገረች። «ርካሽ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይም ይልካል። በሙከራው የጠፉት ደቂቃዎች ኔትወርክ በማጣት የጠፉ አይደሉም። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ይወርድ ስለነበር ነው።»

«የማን መኪና?» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም፣ የሙከራው መኪና የማን እንደሆነ እያወቁ።

«የወንድሜ የአለምነህ።»

አለምነህ ከኋላው መደዳ ተነሣ። «እውነት ነው» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ቴዎፍሎስ የተባለ ሌላ ሾፌር ከአጠገቡ ሲቁነጠነጥ ቆየና እርሱም ተነሣ። «እሱ ብቻ መስሏችኋል? እኔንም ጻፉኝ።» ከዚያ አምስት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ተነሡ።

አቶ ኪዳነ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ሆኖ ከስሕተት፣ እንጨት ሆኖ ከጢስ አያመልጥም። ሆኖም ጢሱ እንዳያፍነን በሩ መከፈት አለበት» አሉ። ጉባኤው የተነሡት ሰባቱም እስከ ፋሲካ ድረስ መሪ እንዳይጨብጡ ወሰነ፤ በእነዚያ ሳምንታትም ቤተሰቦቻቸው ከማኅበሩ መጠባበቂያ እንዲደጎሙ ናዝራዊት ጠየቀች፣ ተፈቀደላት።

አለምነህ ለሁለት ሳምንት ያህል በሱቋ በኩል አላለፈም። በሦስተኛው ሳምንት መጣና ሰላምታ ሳይሰጥ የሞደም ካርቶኖቹን ከታክሲ አውርዶ ወደ ውስጥ ያስገባላት ጀመር። እርሷም መፍቻ አቀበለችው።

ናዝራዊት ወልደጻድቅ እስከ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ አራቱም ሚኒባሶች መካከለኛውን ሞደም ገጥማ ጨረሰች፤ የማኅበሩ መኪኖችም ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ ድረስ ያለውን ጉዞ፣ ቁልቁለቱን ጨምሮ፣ ሳያቋርጡ ይልካሉ።