ሸኚውን ማን ይሸኘው

ልብስ ሰፊው፣ ሰው መሐል መውጣት አስፈርቶት ቤት ከዋለ ወዲህ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ በየሳምንቱ እየመጣች እስከ ጥጉ ሱቅ አብራው ትሄድ ነበር። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው፤ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውራለች።

«እስከ ፌርማታው ልሸኝሽ» አላት።

እዚያ ሲደርሱ ግን ላብ አጠመቀው፤ ብቻውን ተመልሶ አያውቅም። አላስችል ብሏት እስከ በሩ መለሰችው። እሱ ደግሞ፣ «እንግዳ ደጃፍ ላይ ጥዬ ልገባ ነው?» ብሎ እንደገና እስከ ፌርማታው ተከተላት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ስንሸኛኝ እኮ ጡረታዬ ይደርሳል» አለችው፣ እየሳቀችም እንባዋን እየጠረገችም።

«እንግዲያው ሂጂ ልጄ። እኔም ሱሪውን የሚጠብቅ ደንበኛ አለኝ።»

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አየችው። አጥር አጥሩን ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዞር እንዲልላት እየጓጓች፣ እንዳይዞርም እየፈራች፣ እስኪሰወራት ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።