የጋሼ ሙሉቀን ገጽና የጓደኞቻቸው ደብተር

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባለው ቤታችን ካረፉ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆናቸው። ኩላሊታቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያማቸው ቆይቷል። ይህን በራሳቸው የኢንተርኔት ገጽ ላይ የምጽፈው ዘግይቼ ነው። እናንተ በየአገሩ ያላችሁ ጓደኞቻቸው «ሙሌ፣ ምነው ጠፋህ?» እያላችሁ ከሥር ስትጽፉ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው ያበቃው። ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸውና ግን ሌላ ሰው ይጻፍልኝ ማለት አልቻልኩም። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጡኛል፤ እንደ አባት አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት።

ሥራቸውን ታውቃላችሁ። ገበያው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሱቅ፣ በዱካናቸው፣ ማመልከቻ ይተይቡ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሱ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ የመጣ ሰው ወንድሙ ሲጠፋበት ወደ እርሳቸው ይመጣል። አጠገቡ ቁጭ ብለው የጠፋውን ሰው ስም፣ ጠባሳውን፣ የለበሰውን ሳይቀር ጠይቀው ይጽፉለታል። ሲጨርሱ «ስታገኘው ይዘኸው ና፤ ልየው» ይሉታል። ይዘው የመጡም አሉ።

ድሮ የእናንተ ወሬ የሚመጣው በሎሪ ሾፌር እጅ ነበር። ካርቱም የተጻፈ ደብዳቤ እዚህ አጠገባችን ያለችው ዶካ እስኪደርስ ይወለዳል የተባለው ልጅ ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ ያበቃል። ኢንተርኔት ገዳሪፍ ሲገባ ጋሼ ይህን ገጽ ከፈቱ። በየሳምንቱ አርብ ማን እንዳገባ፣ ማን ቪዛ እንደወጣለት፣ ዝናቡ እንደጣለ ይጽፉ ነበር። አብሮ አደጋችሁ አበራ አንድ ጊዜ ከዶካ ደወለ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሚስቴ መውለዷን ለእናቴ ልነግራት ብደውል፣ አውስትራሊያ ያለ ሰው ነግሯት ጨርሷል። ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

«የልጁ የሌሊት ማልቀስ ተርፎልሃል። እሱን እኔ አልጽፍልህም» አሉት። ሁለቱም ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር የቀረብንም ነገር አለ። የሚደውል ሰው አነሰ። ሲደወልም «አንብቤዋለሁ» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ጋሼም ይህን ያውቁ ነበር። ቢሆንም ገጹን ይወዱት ነበር፤ የጻፋችሁትን ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር።

ከዚያ የአበራ እናት መተማ ላይ አረፉ። እኛ በቀትር ሰማን። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማለዳ ዶካ ሄደው እንደ ወጉ ሊያረዱት ተስማሙ። ጋሼ ግን ያን ዕለት ከሰዓት እያለቀሱ ገጹ ላይ ጻፉት። ዶካ ኢንተርኔት የለም፣ አበራ አያየውም ብለው ነው። አበራ ግን የትራክተር መለዋወጫ ሊገዛ ካርቱም ወርዶ ኖሮ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ አነበበው።

ለቅሶ ልንደርስ ዶካ ስንሄድ የተናገረውን አልረሳም።

«ሙሌ፣ የእናቴን ሞት ስሰማ የያዘኝ ሰው አልነበረም። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ኳስ ነበር የሚያየው። ማልቀስ አፍሬ የከፈልኩበት ሰዓት እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።»

ጋሼ እግሩ ላይ ወደቁ። አበራ አነሣቸው። ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ ዱካናቸውን ዘግተው እዚያው ሰነበቱ።

ከዚያ ወዲህ መርዶ ሳይነገር ሞት እዚህ ገጽ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ደብተር ገዙ። በእያንዳንዳችሁ ስም ትይዩ፣ በምትኖሩበት አገር ማለዳ በራችሁን ሊያንኳኩ የሚችሉ የሁለት ሰዎች ስምና ስልክ መዘገቡ። «ደስታን ሰው ብቻውን ቢያነብ ምንም አይደል። ለሐዘን ግን አጠገቡ ሰው ይኑር» ይሉ ነበር። መርዶ ነጋሪዎቹን ልከው «አልቅሷል፣ አብረነው ነን» የሚል ስልክ እስኪመጣ ምግብ አይቀምሱም።

እኔም በዚያው ደብተር ሄድኩ። አሥር ቀን ፈጀብኝ። በራችሁን ያንኳኩት ሰዎች የተላኩት በዚህ መንገድ ነው። የዘውዲቱ መስመር ብቻ ባዶ ሆነብኝ። ኖርዌይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጋሼ በእርሳስ «ሰው ይፈለግ» ብለው ትተውታል። ፈለግሁ፤ አጣሁ። ትናንት ከሰዓት አበራ ከዶካ መጥቶ አብረን ደወልንላት።

«ዘውዴ፣ አጠገብሽ ማን አለ?» አላት።

«ማንም። ሙሌ ነው?»

«አዎ። እኔና ወንድሙ እዚህ አለን። ስልኩን አንዘጋም።»

አልዘጋንም። ስታለቅስ፣ ውኃ ስትጠጣ ሰማን። ብዙ ቆይቶ በር ተንኳኳ። ጎረቤቷ ለቅሶውን ሰምታ ነው የመጣችው። ሴትዮዋ የምትለውን አናውቅም፤ ግን ድምፅዋ ወደ ስልኩ እየቀረበ መጣ፣ ዘውዲቱም እቅፏ ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ይሰማን ነበር። የዘጋነው ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ፣ የጎረቤቷን ስም ዛሬ ጠዋት ዘውዲቱን ጠይቄ ደብተሩ ላይ በቀለም ጻፍኩት። አጻጻፉ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። አርብ አርብም እንደ እርስዎ መጻፍ እችላለሁ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ሞትዎን ግን ከጓደኞችዎ አንዱም ብቻውን ሆኖ አልሰማም። በሰላም ይረፉ፣ ወንድም ጋሼ።