የሐያት ሁለተኛ ምስል

ቦሌ ባለው የምርመራ ማዕከል ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃችን ጋሽ ተክላይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው የኤምአርአይ ማሽን ክፍል በር ላይ አስቁመው የፀጉሬን ሽቦ አስወለቁኝ። «ይህ ማግኔት ጠፍቶ አያውቅም። ብረት ይዘሽ ከገባሽ ይነጥቅሻል» አሉኝ። ያን ቀን ሥራውን ያየሁት በመስታወት በኩል ብቻ ነው።

ሐያትን ያወቅኋት ሙያውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ላምበረት ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አንድ ዓይኗ ደብዝዞ፣ ቀኝ እግሯ ደንዝዞ፣ በወንድሟ ተደግፋ መጣች።

የማሽኑን ጠባብ ቀዳዳ አይታ «እህቴ፣ ይሄማ መቃብር ነው፤ አልገባም» አለችኝ።

የመጥሪያውን ኳስ አስያዝኳትና «ከፈራሽ ጨምቂው፣ ወዲያው አወጣሻለሁ» አልኳት። አንዴም ሳትጨምቀው ጨረሰች።

አንጎሏ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ሐኪሞቹ ብግነት ነው አሉ፤ የሰውነቷ መከላከያ የራሷን የነርቭ ሽፋን እያጠቃ ነበር። መድኃኒት ጀመረች፤ እግሯም ዳነላት።

ለክትትል ስትመለስ እኔ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ባልደረባዬ አነሳት። ሥራ ስገባ የራዲዮሎጂ ሐኪማችን ምስሉን እያዩ ነበር።

«አዲስ ነጥብ አለ ብዬ ልጽፍ ነው። መድኃኒቷ አልሠራም ማለት ነው፤ ሐኪሞቿ ይቀይሩላታል» አሉ።

ሊቀየርላት የታሰበው መድኃኒት እርግዝና ይከለክላል። ሐያት ደግሞ ገና ማግባቷ ነበር።

ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈትኩ። ኤምአርአይ አንጎልን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያሳየው፤ ጭንቅላት ካዘነበለ ቁራጩ በሌላ ቦታ ያልፋል፤ መጀመሪያ ያልታየ የቆየ ነጥብም አዲስ ይመስላል። በሁለተኛው ምስል አገጯ ዝቅ ብሏል።

«ዶክተር፣ ነጥቡ የቆየ ይመስለኛል። አቀማመጧ ነው የተለየው።»

«ሪፖርት መጻፍም ጀመርሽ?»

«አይ። እንደገና ላንሳት።»

«በምሳ ሰዓት አንሻት» አሉኝ።

ለሐያት ደውዬ ጠራኋት። የመጀመሪያውን ምስል ከፍቼ፣ አገጯን በስፖንጅ ደግፌ፣ የቁራጮቹን መስመር በዚያው ማዕዘን አሰመርኩ። ዶክተሩ የመጀመሪያውንና አዲሱን ምስል ደጋግመው አስተያዩ፤ ነጥቦቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። ከዚያ የጀመሩትን ሪፖርት አጥፍተው «አዲስ ነጥብ የለም» ብለው ጻፉ። ወደ እኔ ዞረው «ጥሩ ዓይን አለሽ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አመስግነውኝ አያውቁም ነበር።

ሐያት በዚያው መድኃኒት ቀጠለች። ዛሬ ለክትትል ስትመጣ ሴት ልጇ ከአጎቷ ጋር ውጭ ትጠብቃታለች።

ክፍሉን አሁን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ የቀድሞውን ምስል ሳትከፍቱ አዲሱን አታንሱ።