ልጄ የመጣች ዕለት

በጃንሆይ ዘመን ነው። የከብት ግብር በዛብን ላሉ ሰዎች አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ሚያዝያ ላይ ከማስተምርበት ክፍል ወሰዱኝ። ጣቶቼ ላይ ጠመኔ ነበር። ነገሌ ፖሊስ ጣቢያ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ አንድ በርሜል ውኃ፣ አንድ ጣሳ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷን መናፈቄስ ይሁን፤ ያላየሁትን ልጅ እንዴት እንደዚያ እንደናፈቅሁ እስካሁን አይገባኝም።

ሐምሌ ላይ፣ በነገሌ ሰማዩ ዳምኖ ሳይዘንብ በሚውልበት ሰሞን፣ የክፍሉ ሰው አንድ በአንድ ያስል ጀመር። ምች ነው ተባለ። ምች ከተባለማ ነፋስ አይግባ ነው፤ ቀዳዳዋን በአሮጌ ጋቢ ወተፍናት። ዳማከሴ ከየት ይምጣ እያልን ስንጨነቅ፣ በዚያችው ጣሳ እየተቀባበልን እንጠጣ ነበር።

ከእኛ ጋር የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ፤ በጦር ሰፈር ሕክምና ዕድሜያቸውን የፈጁ ቁጡ ሰው። ተነሥተው ጋቢውን መነጨቁት።

«ይኼ ምች አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በትንፋሽና በእጅ ነው የሚተላለፈው። እናንተ ደግሞ ቀዳዳ ወትፋችሁ ትቀባበሉታላችሁ!»

«መርፌ የለውም፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አንተም መርፌ! ውኃ ጠጣ፣ ተኛ፣ ስታስል አፍህን ሸፍን። አብዛኛውን ሰው በሳምንት ይለቀዋል። ትንፋሽ ካጠረህ ወይ ደረትህን ከወጋህ ግን ንገረኝ። የሚያሰጋው ለሽማግሌና ለጨቅላ ነው።»

ጨቅላ ሲሉ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ባለቤቴ ሴት ልጅ መገላገሏን ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነበር።

በማግስቱ ትኩሳቱ እኔንም ጣለኝ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዘበኛው ፖሊስ፣ የአሬሮ አገር ልጅ፣ በሩን ከፍቶ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረ።

«አካም፣ መምህር። ባለቤትዎ ሕፃኗን ይዛ መጥታለች። ነገ ወደ ይርጋለም ወህኒ ይወስዱዎታል ተብሏል፤ ስመዋት ይሰናበቱ።»

ከግቢው በር አጠገብ ቆማለች። አራስ ሆና ስለወጣች እንደ ወጉ ቢላዋ ይዛ ነበር። ዘበኛው ቢላዋውን ተቀበላት፤ ብረቱ ከልጅቷ እንዳይርቅ ብሎ ግን ራሱ ከአጠገቧ አልራቀም። ከክፉ ዓይን እሱ ይጠብቃት፤ ከእኔ ሳል የሚጠብቃት ማን ነው?

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ መራመድ ስትጀምር እጄን አነሣሁ።

«እዚያው ሁኚ!» ድምፄ ጎርንኖ ስለነበር ቁጣ መሰለ።

«ምነው?»

«አትቅረቢ። ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋን?» ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «እውነት ለጉንፋን ነው? ወይስ ሴት ስለሆነች?»

ልመልስላት ስል ሳሉ ቀደመኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ አፌን በክንዴ ሸፍኜ ሳልኩ። ዞር ስል እያለቀሰች ነበር።

«ፊቷን ወደ እኔ አዙሪልኝ» አልኳት።

አዞረቻት። ከነበርኩበት የሚታየው ጥቁር ፀጉርና የተጨበጠች እጅ ብቻ ነበር። እግሬ ሊሄድብኝ ፈለገ።

«ይሂዱ እንጂ፣ መምህር፤ እኔ አላየሁም» አለ ዘበኛው።

ጀርባዬን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ቀረሁ። ባለቤቴ ቢላዋዋን ተቀብላ ወጣች።

ከአራት ዓመት በኋላ ተፈትቼ ስመጣ፣ አንዲት ልጅ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ ተደበቀችኝ። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በመጣች ቁጥር አገላብጣ ትስመኛለች። ባለቤቴም ነገሩ ከገባት ቆይቷል፤ «አንተና ጉንፋንህ» እያለች ትቀልድብኛለች፣ አብሬያት እስቃለሁ። የልጅ ልጆቼን ሁሉ በጨቅላነታቸው ታቅፌአለሁ። አንዱም ያኔ ያልታቀፍኳትን ልጄን አልሆነልኝም።