ቆቋን ማን ይረድ?

ዛሬ በወደራ ጥድ ጫካ ቆቅ ከነጫጩቶቿ መንገድ ስታቋርጥ አየሁ። ሹፌሩ ቆሞ አሳለፋት። ከዚህ ጫካ ጠፍታለች ሲሉኝ ነበርና እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነገሌ ስንኖር፣ ወታደሩ ባሌ ከዚሁ ጫካ አንዲት ቆቅ ከነነፍሷ ይዞ መጣ። ከጎረቤቴ ከባለሱቋ ከሐዋ ጋር ልንበላት ተስማማን።

"የኔ እህት፣ ያንቺ ባል ካረዳት እኔ አልበላም" አለች ሐዋ።

"ያንቺ ባል ካረዳት ደግሞ እኔ አልቀምስም።"

ባሌ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። ስንከራከር ቆቋ የታሰረችበት ገመድ ላልቶ በአጥሩ ስር ሾለከች።

"ነጋቲ" ብላ ሐዋ በኦሮምኛ ተሰናበተቻት።

ባሌ በትዳራችን ያሳቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሳያስበው።

የዛሬዋ የዚያች ዘር ናት ብያለሁ። በእናንተስ ቤት በክርክር የተረፈ አለ? ጻፉልኝ፤ በስተርጅናም ቢሆን ማንበብ ተምሬያለሁ።